ሙጬ የገባበት ቤት

አያ ሙጬ ማረፋቸውን የሰማሁት ዳባት ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረችኝ ከቆላ ሎሚ ይዛ የምትወጣ የድሮ ጎረቤቴ ናት። «ቦቅቧቃው ሙጬ ሞተልሽ! እስከዛሬ የቆየውም ሞት በመጣ ቁጥር እየሮጠ ነው፤» ብላ ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶችም፣ ሰውየውን በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቁት ሁሉ፣ አብረው ሳቁ። እኔ የመረጥሁትን ሽንኩርት መልሼ አፍስሼ ሄድሁ። ተናድጄ ደህና ዋይ እንኳ አላልኋትም። እሷስ ምን ታድርግ፤ አገሩ ሁሉ አያ ሙጬን የሚያውቃቸው እንደዚያ ነው። እኔ የማውቃቸው በሌላ ነው።

በእኛ አገር ፈሪ መባል ቀላል ስድብ አይደለም። ወንድ ልጅ ዳዴ ሳይል ጀምሮ «ጀግናው!» እየተባለ ነው የሚያድግ። የፈራ እንደሆነ ፍርሃቱን ይውጠዋል እንጂ አፍ አውጥቶ «ፈራሁ» አይልም። አያ ሙጬ ግን ይላሉ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ያውም ጠላ በቀመሰ ጎረምሳ ፊት፣ «ኧረ እኔ እፈራለሁ፣ ልሂድ» ይላሉ። መብረቅ ይፈራሉ፣ ውሻ ይፈራሉ። የሰርግ ተኩስ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠቅልለው ከአጥር ሥር ይለጠፋሉ። ሊማሊሞን በመኪና ወጥተው አያውቁም፤ ደባርቅ ጉዳይ ከገጠማቸው ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በአቋራጭ ገደሉን እየቧጠጡ በእግራቸው ነው የሚወጡት። «ገደሉን አይፈሩም ወይ?» ያሏቸው እንደሆነ፣ «ገደሉን የምረግጠው እኔ ነኝ። መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤» ይላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራቸው ጣሪያ ነው። ሰው ቤት ሲጠሩ ቀጥ ብለው አይገቡም። መጀመሪያ ቤቱን በውጭ ይዞሩታል። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ሽቅብ ያያሉ። ባለቤቶቹ «ኧረ ይግቡ አያ ሙጬ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ይላሉ። እሳቸው አንዱን እግራቸውን ያስገባሉ፣ ሌላው ደጅ ይቆያል። ደስ ካላላቸው እዚያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። በዚህ የተነሳ «ሙጬ የገባበት ቤት አይፈርስም» የሚል አነጋገር በመንደሩ ወጣ። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ለምርቃቱ ቄስ ይጠራል፣ ከቄሱ ቀጥሎ አያ ሙጬን ይጠራል። ገብተው ከተቀመጡ እልል ይባላል። ነገሩ ለቀልድ ነው፤ ግን ሳይጠራቸው የቀረ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን «አያ ሙጬ፣ ለመሆኑ በልጅነትዎ ምን ደርሶብዎት ነው?» አልኋቸው። ከተናደ ቤት ሥር የወጡ ይመስለኝ ነበር።

«ምንም አልደረሰብኝም፤» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ይፈራሉ?»

«ስለምፈራ ነዋ ያልደረሰብኝ!»

ሰው «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያለ ሲተርትባቸው ደግሞ፣ «ያልፈሩትም ይደርሳል። ያውም ሳያንኳኳ፤» ይሉታል።

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። አስማረን አግብቼ ሊማሊሞን ወርጄ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ካለችው መንደር እስክገባ ድረስ ምስጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ደባርቅ ብርዱ ከቁንጫ በቀር ሌላ ነገር አያኖርም። አስማረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ሜዳ ነው የሚያየው። አያ ሙጬን አቋራጩ መንገዱን ከሚያቋርጥበት ላይ ሲያገኛቸው ጥሩምባውን እያንባረቀ ያስደነብራቸዋል፤ ማታ ሲገባ ደግሞ እንዴት እንደዘለሉ እያሳየ ያስቀኛል። እስቅ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ቤታችን ከአያ ሙጬ ቤት ፊት ለፊት ነው። የአስማረ አባት የሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መሀሉ ላይ ጣሪያውን በሙሉ የተሸከመ ጥቁር ወፍራም ምሰሶ አለ። አስማረ በመዳፉ እየመታ «ወይራ ነው» ይለኛል። «አባቴ በሰው ትከሻ ያስመጣው ወይራ ነው። ወይራን ምስጥ አይበላውም። የልጅ ልጄ ይወርሰዋል።» አማቼ እኔ ሳልደርስ ነው የሞቱት፤ በሕይወት ሳሉ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያን ምሰሶ ነበር አሉ።

በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት የሰርግ ሳጥኔን ከአልጋው ሥር ልስበው ብል ክዳኑና ጎኑ በእጄ መጣ፣ ልብሴ መሬት ላይ ቀረ። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ እንኳ አልተላጠም ነበር። ውስጡ ግን አፈር ሆኗል፤ በአፈሩ ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ጮኼ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀብኝ። «ምስጥ ነው እኮ፣ ምን ያስጮህሻል? ምስጥ ያልጎበኘው ቤት የት አለ?» አሉኝ። አመድ ነሰነሱ፣ አስማረ ከመኪናው የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ የግድግዳውን እንጨቶች እግር ቀባ፣ ነገሩም አለቀ ተባለ። ያልሳቁት አያ ሙጬ ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው የሳጥኔን ክዳን ገለባብጠው አዩና፣

«ላዩን አይነካም፤ አየሽ ልጄ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ይሄም ላዩን እያሳመረ ነው የሚበላ፤» አሉኝ።

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ምሰሶው ሄደ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ…» ብለው ዝም አሉ።

«እንጂ ምን?» አለ አስማረ። አስማረ ቁጡ ነው፤ በአባቱ የመጣበትን አይምርም። አያ ሙጬ ደግሞ እሱንም ይፈሩታል።

«እንጂማ… ዘይቱን ጨመር አድርግበት፤» ብለው ወጡ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቤት ፈራሁት። አልጋ ላይ ስወጣ፣ ወንበር ስስብ፣ ውስጡ ይኑር አይኑር አላውቅም እያልሁ በቀስታ ነበር የምነካው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሴት ልጅ ወለድሁ። እናቴ ልታርሰኝ ከደባርቅ ወረደች። አራስ እስከ ክርስትናው ድረስ ከቤት አትወጣም። ፀሐይ ያገኛት እንደሆነ ምች ይመታታል፣ ብቻዋን የተተወች እንደሆነም የማይታይ ነገር ይጠጋታል። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ከትራሴ ሥር ማጭድ አኖረች፣ መስኮቱን በነጠላ ሸፈነች፣ «እግርሽ ከደጃፍ ያለፈ እንደሆነ እኔ አላውቅልሽም፤» አለችኝ።

ድምፁን የሰማሁት ቀትር ላይ ነው። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል፤ ልጄ ጡት ጠብታ ተኝታለች። ከራስጌዬ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጠቅ… ጠቅ ጠቅ… አለ። ትንፋሼን ያዝሁ። ዝም አለ። ስተነፍስ እንደገና ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ልጄን ስቤ ደረቴ ላይ አደረግኋትና «እማ!» ብዬ ጮህሁ። እናቴ ብንን ብላ ማጭዱን አነሳች። ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችው፣ ፊቷም አመድ መሰለ። «በስመ አብ ወወልድ! አንቺን ነው የሚጠብቅ፤» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከደባርቅ በጀሪካን ይዛው የመጣችውን ጠበል በየጠዋቱ እኔንና ልጄን ትረጫለች፣ የቀረውን ራስጌዬ ካለው ግድግዳ ላይ ታፈሰዋለች። ሲያልቅባት በአስማረ መኪና ሌላ ታስመጣለች። ድምፁ ግን አልቆመም፣ እንዲያውም ባሰበት። እሱ ሲብስ እሷ ጠበሉን ትጨምራለች። የመንደሩ ቄስ ሰምተው ከደጅ ሆነው «ጠበል ለሰው ነው እንጂ ለግድግዳ አይደለም እኮ» ቢሏት፣ «አባቴ፣ የታመመው ግድግዳው ነው፤» አለቻቸው።

አያ ሙጬ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ መጡ። እንደ ልማዳቸው ቤቱን በውጭ ዞሩት። በእኔ ራስጌ በኩል ሲደርሱ ማንኳኳታቸውን ሰማሁ። ሲመለሱ ጣታቸው ጭቃ ነክቷል።

«እሜቴ፣ ያ ግድግዳ ለምን ረጠበ?» አሏት እናቴን።

«ጠበል ነዋ።»

«እንግዲያ ጠበሉን የሚጠጣው ምስጡ ነው። እሱ ደረቅ አይወድም፣ እርጥብ ነው የሚወድ። እርስዎ እያጠጡት፣ እሱ እየበላ…»

«አንተ ሙጬ! ከጠበል ጋር ምስጥ ትጠራለህ? ፈሪነትህ ሳያንስ እምነትም የለህ?»

አያ ሙጬ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይቅር ይበሉኝ፤ ብቻ ልጂቱን ይዛችሁ እኛ ቤት ግቡ። ባንቺ አልጋውን አንጥፋ ትጠብቃችኋለች፤» አሏት። ባንቺ ሚስታቸው ናቸው።

«አራስ መንገድ ላሻግር? ምች አለ እኮ!»

«ምችማ መድኃኒት አለው እሜቴ። ዳማከሴ አለው። የጣሪያ መድኃኒት ምንድን ነው?»

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ። ብወጣ ምቹ፣ ብቀመጥ ጣሪያው። የትኛውን ልፍራ? ሁለቱንም ፈራሁ። ልጄ ስታስነጥስ ምች ይመስለኛል፣ ቆርቆሮው በንፋስ ሲንቋቋ ጣሪያው የወረደ ይመስለኛል።

አስማረ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ማውራቱ አናደደውና አንድ ቀን የምስጥ መርዝ በጠርሙስ ይዞ መጣ። «በሩን ዘግቼ ቤቱን በሙሉ እረጨዋለሁ፤» አለ። ያኔ እናቴና አያ ሙጬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆኑ። አያ ሙጬ ከደጃፍ ሆነው «መጀመሪያ ከፍተህ አንተ አሽትት! ይሄን የሳበች ጨቅላ ነገ የምታለቅስ ይመስልሃል?» ሲሉት እናቴ ጠርሙሱን ነጥቃ ወስዳ ከአጥር ውጭ ቀበረችው። ከዚያ ክርክር በኋላ፣ ክርስትናው አልፎ እኔ እስክወጣ ድረስ ቤቱ እንዳይነካ ተባለ። ይሄ ማለት ክርስትናው ቀድሞ ይደርሳል ወይስ ጣሪያው ይቀድማል ማለት ነበር፤ እንደዚያ አድርጎ ያየው ግን ከእኔና ከአያ ሙጬ በቀር ማንም አልነበረም።

አያ ሙጬ ደጃቸው ላይ ካለው ድንጋይ አልነሳ አሉ። ባንቺ ማሳውን ሲያርሙ እሳቸው ተቀምጠው ጣሪያችንን ያያሉ። ጎረምሳው «ሙጬ የጣሪያ ዘበኛ ሆነ!» እያለ ያልፋል። እኔ ከአልጋዬ በበሩ በኩል ይታዩኛል። አንገታቸውን ቀና ባደረጉ ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ መልሰው ሲያቀረቅሩ እተነፍሳለሁ።

ክረምቱ ገፋ። ግድግዳው ዝናብ ጠጥቶ ከበደ። በሩ መግጠም እምቢ አለ። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው፤» አለና አስማረ ጠረበው። ሲነጋ ደግሞ እምቢ አለ፣ እንደገና ጠረበው። በሩ ሳይሆን ቤቱ ነው እያዘመመ ያለው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። የተናገርሁት እንደሆነ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት፣ እናቴ ገንፎ ታገነፋልኛለች። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። አያ ሙጬ ከድንጋያቸው ላይ ብድግ አሉ። እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው የጣሪያችንን ጫፍ ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ደጃፉ ላይ የሚቆሙ መስሎኝ ነበር። አልቆሙም። ግድግዳውን አላንኳኩም፣ ሽቅብም አላዩም፣ በሁለቱም እግራቸው ገቡ።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች እጇን አጨበጨበች። «ሙጬ ገባ! እልልልል! በሉ እንግዲህ ቤታችን አይፈርስም!»

አያ ሙጬ አልሰሟትም። ከንፈራቸው ነጥቷል። ቀጥ ብለው ወደ አልጋዬ መጥተው ልጄን ከነመጠቅለያዋ አነሱና ሮጡ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ የጮህሁት ጩኸት የእኔ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም። ምች የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ራሴን ሳልሸፍን በባዶ እግሬ ወጥቼ ተከተልኋቸው። እናቴ ማጭዱን ከትራሴ ሥር መዝዛ ከኋላዬ «ሌባ! ያዙት! ልጅ ሰረቀ!» ትላለች። አያ ሙጬ በዚያ ረጅም እግራቸው የራሳቸውንም ቤት አልፈው፣ ዛፍ ሥር እንኳ ሳይቆሙ፣ ከብት ከሚግጥበት ሜዳ መሀል ደረሱና እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ልጄን በደረታቸው ደብቀዋታል። ሰውየው አብደዋል፣ አንቀው ይገድሉብኛል ብዬ እንዲያ የፈራሁትን ፍርሃት ዛሬም አልረሳውም።

«አያ ሙጬ፣ በማርያም! ልጄን ይስጡኝ!»

«እሰጥሻለሁ ልጄ፣ እሰጥሻለሁ። እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ወደዚያ አትመለሺ እንጂ እሰጥሻለሁ።»

ተቀመጥሁ። ሰጡኝ። ልጄ እንቅልፏን እንኳ አልተወችም ነበር።

ሰው ዱላ ይዞ ከበባቸው። አስማረ ወንዝ ዳር መኪናውን ሲያጥብ ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ። ዓይኑ ደም መስሎ ዱላ ሲያነሳባቸው አያ ሙጬ ራሳቸውን በክንዳቸው ሸፍነው፣

«ምታኝ፣ ልክ ነህ። ግን እዚሁ ሜዳው ላይ ምታኝ፤» አሉት።

ከሰዉ መሀል ሳቅ አመለጠ። ሳቁ አስማረን የባሰ አበገነው። ዱላውን ወረወረና ከአንዱ ሰው ትከሻ ላይ መጥረቢያ ነጠቀ። «የአባቴ ቤት እንዴት እንደቆመ ለአገሩ አሳያለሁ! ወይራውን መትቼ አሰማችኋለሁ!» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አያ ሙጬ ተከትለውት ተነሱ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲውጡት የኖሩት ነገር ያኔ ከአፋቸው ወጣ። «አስማረ! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ወይራ አይደለም! አስማረ፣ ወይራ አይደለም!»

አስማረ ደጃፉ ላይ ዞር ብሎ አያቸው። አባቱን በአደባባይ ውሸታም ያሉበት ነው የመሰለው። ገባ። ሜዳው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፣ በሩም ክፍት ነበር። የመጥረቢያውን ጀርባ አዙሮ ሲያነሳ አየሁት። ሲያወርደው የእንጨት ድምፅ አልሰማሁም፤ የእህል ጆንያ እንደመምታት ያለ ድምፅ ነው። መጥረቢያው ገብቶ ቀረ። አፈር እግሩ ላይ ፈሰሰ፣ ከአፈሩ ጋር እነዚያ ነጫጮቹ። አስማረ አልሸሸም። መጥረቢያውን እንደያዘ ፈዝዞ ምሰሶውን ያያል። ቆርቆሮው መንቋቋት ጀመረ። እኔ ልጄን ታቅፌ ስሙን ጠራሁ፣ አልሰማኝም።

አያ ሙጬ ሮጡ። እኔ የሚሸሹ ነበር የመሰለኝ። «እናቴ! ወይኔ እናቴ!» እያሉ፣ እንደ ሕፃን እየጮኹ፣ ወደ ቤቱ ነው የሮጡት። ገብተው አስማረን ከኋላ በሸሚዙ ያዙትና ጎትተው ደጅ አብረው ወደቁ። ወዲያው የእኔ ራስጌ ያለው ግድግዳ ጎበጠ፣ ምሰሶው ተቀነጠሰ፣ ጣሪያው በሙሉ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተኛ።

እናቴ ማጭዱን ጥላ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። አስማረ በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ የአያ ሙጬን እግር ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸው ሊመታቸው መስሏቸው ጭንቅላታቸውን ሸፈኑ። «አትምታኝ ልጄ! አባትህን አላልሁም፣ ምሰሶውን ነው ያልሁ!»

ሰዉ «ጀግናው! ጀግናው ሙጬ!» እያለ ሲሸከማቸው «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። «ጀግና ብሆን ኖሮ እቤቴ ተቀምጬ አይፈርስም እል ነበር። አውርዱኝ፣ ትጥሉኛላችሁ!»

እስከ ክርስትናው ድረስ አያ ሙጬ ቤት ተኛሁ። ባንቺ እንደ ልጃቸው አረሱኝ። ምችም አልመታኝ፤ እናቴ ግን በየጠዋቱ ዳማከሴ እየጨመቀች በአፍንጫዬ ማንቆርቆሯን አልተወችም። አንድ ቀን በአያ ሙጬ ፊት አቀርቅራ «ሙጬ፣ ያን ጠበል…» ስትል እሳቸው አላስጨረሷትም። «ጠበሉማ ሠርቷል እሜቴ። እርስዎ ያፈሰሱት ግድግዳው ላይ ነው፣ እሱ የጠበቀው ልጂቱን ነው፤» አሏት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ደባርቅ ሆና ስማቸው በክፉ ሲነሳ አታሳልፍም።

ፍርስራሹ ተነስቶ አልጋዬ የነበረበት ሲቆፈር የምስጡ ኩይሳ ወለሉ ሥር ተገኘ። ለካ እኔ ልጄን ታቅፌ የምተኛው በእሱ ላይ ነው። አያ ሙጬ ከአጥር ወዲያ ሆነው «የምስጦቹን እናት ሳታወጧት እንዳትቆሙ!» ይላሉ፤ አካፋው አውጥቷት ጣት የምታህል ነጭ ነገር ስትታይ እሳቸው በሩጫ ቤታቸው ገቡ። ዶሮ መጥታ ዋጠቻት። ያን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር በዶሮ ጉሮሮ ሲወርድ አይቼ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስሁ። አዲሱ ቤት ሲሠራ የእንጨቶቹ እግር በእሳት ተለብልቦ፣ የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሰው ስለ ምሰሶው ሲጠይቀው አስማረ ጮክ ብሎ «ባሕር ዛፍ ነው!» ይል ነበር።

አያ ሙጬን ብቻቸውን ሳገኛቸው ወይራ አለመሆኑን እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። ትከሻቸውን እየዳሰሱ «ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ወይራ ቢሆን ትከሻዬ አይረሳውም። በጭስና በዘይት አጥቁሮት ነው። ደሀ ነበር ነፍሱን ይማረው፣ እንግዳ ፊት ክብር ፈለገ፤ እኛም ዝም አልንለት፤» አሉኝ።

«ለአስማረ ቀድመው ለምን አልነገሩትም?»

«ፈራሁት።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ኋላማ ለልጂቱ የፈራሁት በለጠብኝ።»

እኛ ወደ ዳባት ከወጣን ቆይተናል፤ ዜናውን ገበያ ላይ ከሰማሁ በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ልጄን ይዤ በአውቶቡስ ሊማሊሞን ወረድሁ። ልጄ አሁን ቁመቷ ከትከሻዬ ደርሷል። መንገዱን ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨምድጄ ነው የወረድሁት። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ከባንቺ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከዳሱ ወንዶቹ የአያ ሙጬን ነገር እያነሱ፣ የውሻውን፣ የሰርጉን ተኩስ፣ ይሳሳቃሉ። ሳቃቸው እስከ ጓዳ ይሰማል።

«መጨረሻ ላይ ፈርተው ነበር?» አልኋቸው ባንቺን ቀስ ብዬ። አልፈሩም እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

«በጣም፤» አሉኝ። «ከተኛ ጀምሮ እጄን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ነው የሰነበተ። ቄሱ ሲያናዝዙትም አልለቀቀኝም።»

የወንዶቹ ሳቅ እንደገና ተሰማ። ባንቺ ወደዚያ አላዩም፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ይስቅ ነበር በራሱ። ግን አንቺ እወቂልኝ፤ ያን ያህል ሲፈራ ኖሮ፣ ጥሎኝ የሮጠበት ቀን የለም።»

ልጄን ወደ ደረቴ ስቤ ጮክ ብዬ አለቀስሁ። ከዳሱ የነበረውም ሳቅ ቆመ።